በጎመን ያፈረ ግቢ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴን ልጅ አዲስ ቤት ለማየት ሄጄ ነበር። አዲስ ስላችሁ ቦታው አዲስ አይደለም፤ የአክስቴ የድሮው ግቢ ነው። የጭቃ ቤቱ ፈርሶ በምትኩ ባለ ሁለት ፎቅ ቆሟል። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ኪሎ ቡና ይዤ "እንኳን ደስ ያለህ" ልል ሄድኩ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ነው። የምን ብርሃን መሰላችሁ? የሴራሚክ! ከበሩ ደፍ እስከ ጀርባ አጥሩ ድረስ፣ መዳፍ የምታህል አፈር እንኳ ሳትቀር፣ ግቢው ሴራሚክ ለብሷል። በአንድ ጥግ ላይ ደግሞ ሣር አለ፤ አረንጓዴ፣ እኩል የተከረከመ፣ በጋ ከክረምት የማይጠወልግ። ጎንበስ ብዬ ነካ አደረግሁት። ፕላስቲክ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ቁርሱ የጾም ነው። ዳቦ፣ ሻይ፣ በሚያምር ጠርሙስ የታሸገ ጄሊ። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩት። የዘይቱን ጄሊ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያቺ ጠርሙስ ከተቀመጠችበት ጠረጴዛ ሥር፣ ከሴራሚኩም ሥር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ምን የነበረ ይመስልሃል? የአክስቴ የዘይቱን ዛፍ!

እቴቴ (አክስቴን ሁላችንም የምንጠራት እንዲህ ነው) ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጣለች። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ልጇ ቁራሽ ዳቦ ላይ ጄሊውን ቀብቶ አጎረሳት። ቀስ ብላ አላመጠች፣ ጥቂት አሰበችና፣ "ስኳሩ በዝቷል፤ ሎሚ ይጎድለዋል። የማን እጅ ነው?" አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ምን ተብሎ ይመለሳል?

የአክስቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ዛፉ መቆረጡን አልነገርናትም፤ ከጀርባ አለ ነው ያልናት" አለኝ። እኔም ሻዬን ጠጥቼ፣ ቤቱን መርቄ ወጣሁ። ከወጣሁ ጀምሮ ግን ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ልነታረክ ነው።

በመጀመሪያ የዚያን ግቢ ያለፈ ታሪክ ላውራችሁ። በ1970ዎቹ፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ክረምቱን የማሳልፈው እዚያ ነበር። ከበሩ ገባ ሲሉ ጤና አዳምና በሶብላ፣ ከአጥሩ ሥር ጌሾ፣ ከቤቱ ጀርባ ሁለት ሦስት መደብ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ትንሽ ቃሪያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘይቱኑ! ቅርፊቱ እየተላጠ የሚለሰልስ፣ ቅርንጫፉ የማይከዳ፣ ለልጅ መውጫ ተብሎ የተፈጠረ የሚመስል ዛፍ። ፍሬው የደረሰ ሰሞን በልተን አንዘልቀውም። ጎረቤት ይወስዳል፣ ልጅ ይበላል፣ ወፍ ይበላል፤ የተረፈው ማርማላታ ይሆናል። ያኔ ጄሊ የሚባል ቃል አናውቅም፤ ጥርት ያለውም የደፈረሰውም ሁሉም ማርማላታ ነው።

ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ካርድ የሚታደልበት ዘመን ነበር። እቴቴ የወሩን ድርሻ ከሻያችን ላይ እየቀነሰች ታጠራቅማለች። ዘይቱኑን አጥባ ትከታትፈዋለች፤ ውኃ እስኪሸፍነው ታደርግበትና እስኪፈርስ ትቀቅለዋለች። ከዚያ ባረጀ ንጹሕ ነጠላ ቋጥራ ታንጠለጥለዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ… ጠብ… ጠብ ሲል ያድራል። "እንዳትጨምቁት!" ነው ትእዛዙ። ከተጨመቀ ይደፈርሳላ! ጠዋት ጭማቂው ከስኳርና ከሎሚ ጋር ተጥዶ ይንተከተካል። ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በማንኪያ እየገፈፈች ለእኛ ለልጆቹ ዳቦ ላይ ታደርግልናለች። ሲበርድ ደግሞ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ በብርሃን ታየዋለች። ቀላ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ማዶውን የሚያሳይ። ለጎረቤት አንድ፣ ለአራስ አንድ፣ ለጾም ሁለት። ክፍፍሉ ይኼ ነበር።

የአክስቴን ልጅ "ዛፉን ምን አደረገህ?" ብዬው ነበር።

"ጋሼ፣ ቆሻሻ እኮ ነው የሚያመጣው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ፍሬው ይፈርጣል፣ ዝንቡ ሌላ። ጭቃው ደግሞ! አሁን እየው እስቲ፤ በውኃ ለቀቅ ስታደርገው ፏ ይላል።"

"ጎመኑስ?"

"ጎመን?" ሳቀብኝ። "ጋሼ ደግሞ! እዚህ ቤት ጎመን ተተክሎ ሰው ምን ይላል? ገጽታ አለ እኮ!"

ገጽታ! ይቺን ቃል ያዙልኝ። ክሴ በእሷ ላይ ነው።

ሌላውን ከመክሰሴ በፊት ግን ራሴን ልክሰስ። በ1994 ዓ.ም. እኔም ጓሮዬን ቀብሬያለሁ። የመምህር ደመወዝ ከወር ወር አልደርስ ቢል ሁለት የኮክ ዛፎች ቆርጬ፣ መደቡን ደልድዬ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቼ አከራየሁ። የቀረችውን ክፍት ቦታም "ከዚህ ወዲያ ምን ትሠራለች" ብዬ በሲሚንቶ ለሰንኳት። ኪራዩ ልጆቼን አስተምሮልኛል፤ አልክድም። ስለዚህ ቸግሮት የሠራውን ሰው ለመውቀስ አፍ የለኝም። ክፍሎቹን ለመሥራት ችግር አስገድዶኛል። የቀረችውን ቦታ ለመለሰን ግን ማን አስገደደኝ? ማንም። ያስለሰነኝ ገጽታ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ተከራዮቼ ክፍል ሲገባ ነው የሠራሁትን ሥራ ያወቅሁት።

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። 100 ካሬ ሜትር ግቢ በሴራሚክ ያለበሰ ሰው፣ በዓመት 120,000 ሊትር ገደማ ውኃ ግቢው ላይ ይወርድለታል ማለት ነው። አፈር ቢሆን ብዙውን ይጠጣው ነበር። ሴራሚክ ግን አይጠጣም፤ ወደ መንገድ ይገፋዋል። መንገዱ ወደ ጎረቤት፣ ጎረቤት ወደ ወንዝ። ከዚያ በጥር ወር ሁላችንም ጄሪካን ይዘን "ውኃ ጠፋ!" እያልን እንጮኻለን። ሰኔ ላይ ገፍተን ያባረርነውን እንግዳ ጥር ላይ "ምነው ቀረህ?" ማለት ምን ይሉታል?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። ሦስት ናቸው።

አንደኛው "አያዋጣም" ባዩ ነው። ካልኩሌተር ይዞ ይመጣል። "ለአንድ እስር ጎመን ይኼን ያህል ድካም? የስኳሩን ዋጋ፣ የከሰሉን ዋጋ፣ ያንተን ሰዓት ብትደምረው ጄሊውን መግዛት ይረክስሃል" ይላል። እውነቱን ነው፤ አልከራከረውም። ሁለት መደብ ጎመን ቤተሰብ አይቀልብም። በጓሮ ገበያን ድል እናደርጋለን የሚል ካለ ወይ ጓሮ አያውቅም፣ ወይ ገበያ አያውቅም።

ግን እኔም በተራዬ ልጠይቀው። የምትገዛው ጎመን ምን ጠጥቶ አደገ? በአዲስ አበባ ገበያ ከሚሸጠው አትክልት ከፊሉ የሚለማው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻ ነው። ወንዙ የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ተመራማሪዎች በዚያ ውኃ በለማ አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። አምራቹን አልወቅስም፤ ያገኘው ውኃ እሱ ነው። አንተ ግን በካልኩሌተርህ ላይ ይኼን የት ቦታ ነው የምትደምረው? (ለነገሩ የጓሮ አፈርም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ድሮ ጋራዥ በነበረበት ቦታ፣ የተቃጠለ ዘይት በፈሰሰበት ላይ ጎመን ተክሉ አልልም። ልዩነቱ የራስህን አፈር ታሪክ ታውቀዋለህ፤ የገበያውን አታውቀውም።)

ሁለተኛው ተቃዋሚ "ገጠሬነት ነው" ባዩ ነው። እሱ ዋናው ባለጋራዬ ነው፤ የገጽታ ጠበቃ። ጽጌረዳ ሲተከል አያፍርም፤ ጎመን ሲተከል ያፍራል። የሚያሳፍረው አፈሩ አይደለም ማለት ነው፤ መብላቱ ነው! አይበላም እንጂ ቢበቅል ግድ የለውም።

ለእሱ አንድ ወሬ አለኝ። ያ የናቀው የሐበሻ ጎመን በሳይንስ ስሙ "ብራሲካ ካሪናታ" ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ነው የሚሉት። ከዘሩ ዘይት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ አንድ ቦይንግ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ያበረረው ከዚህ ዘር የተሠራ ነዳጅ 10 በመቶ ቀላቅሎ ነው። ልብ በሉልኝ! እኛ ግቢያችን ውስጥ እንዳይታይ ያፈርንበትን ተክል ሌላው ሰው ሰማይ ላይ አወጣው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች በለንደን ግንብ፣ በነገሥታቱ ምሽግ ዙሪያ ያለውን የጥንት ቦይ አትክልት ተክለውበታል። የንጉሥ ምሽግ ያልከበደውን ጎመን፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከበደው!

"ማርማላታ ደግሞ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ ባህላችን አይደለም" የሚልም አለ። ማርማላታ የሚለው ቃል እንኳን የእኛ፣ የጣሊያኖቹም አይደለም፤ "ማርሜሎ" ከሚባል ፍሬ ስም ከፖርቱጋሎች የተወረሰ ነው። ዘይቱኑ ራሱ መነሻው አሜሪካ አኅጉር ነው፤ ስሙ ግን ዓረብኛ ሲሆን ትርጉሙ "ወይራ" ማለት ነው። የአሜሪካ ፍሬ፣ የዓረብ ስም፣ የአዲስ አበባ ጓሮ! የመጣው ሁሉ ባህል ካልሆነ በርበሬም ቀረብን፤ እሱም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ አኅጉር ነው። ለክፉ ቀን ማቆየትን ደግሞ ማንም አላስተማረንም። ሥጋውን ቋንጣ፣ ቅቤውን ንጥር፣ እንጀራውን ድርቆሽ፣ እንሰቱን ቆጮ ያደረገ ሕዝብ፣ ዘይቱን ጠርሙስ ውስጥ ማቆየት ምኑ ይገርመዋል?

እዚህ ላይ ከመምህርነቴ ዘመን አንድ ኀፍረት ልናዘዝ። ለብዙ ዓመታት የቮልቴርን "ካንዲድ" አስተምሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1759 የታተመው ይህ መጽሐፍ የሚያበቃው ዓለምን ዞረው፣ ጦርነትና መሬት መንቀጥቀጥ አይተው የደከሙት ሰዎች በአንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ ሲሰበሰቡ ነው። እኔም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ "አትክልት ቦታው ተምሳሌት ነው። አንድም ነፍስ ነው፣ አንድም አገር ነው" እያልኩ አራቅቃለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ እጁን አወጣና፣ "መምህር፣ ምን ተክለውበት ነው?" አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ እጁን አወረደ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ዳግመኛ አላወጣውም።

ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ለራሴ ስደግመው መልሱን አገኘሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል! ሰዎቹ በስኳር የተዘጋጀ ትርንጎና ፒስታቺዮ ይበላሉ። በወጣትነቷ በውበቷ ዓለም የዞረላት ኩኔጎንድ ኬክ ጋጋሪ ሆናለች፤ ያውም ጎበዝ። ይኼ ሁሉ ተጽፏል፤ እኔ ግን ተምሳሌት ስፈልግ ትርንጎውን አላየሁትም። በዚያ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን በትክክል ያነበበው ያ የሳቅንበት ልጅ ብቻ ነበር። የተማርን ነን የምንለው ሰዎች በሽታችን ይኼ ነው። አፈርን እንደ ምሳሌ ስንጠቅሰው ደስ ይለናል፤ ጥፍራችን ውስጥ ሲገባ ግን እናፍራለን።

ሦስተኛው ባለጋራዬ ሰው አይደለም፤ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ደንብ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ "የሌማት ትሩፋት" የተባለው ዘመቻ ሲጀመር ስሙን ወድጄው ነበር። ሌማት! የእናት ቤት የሚሸት ቃል ነው። ያለችህን ቦታ አልማ፣ ጓሮህን ተጠቀምበት ይላል። ማን ይቃወመዋል?

አሁን እህቴ ወደምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ልውሰዳችሁ። ከመሀል ከተማ ሰፈራቸው ሲነሣ እዚያ የገቡ አንዲት እናት አሉ። እዚያ ሲኖሩ ጓሮ ነበራቸው፤ እዚህ የደረሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። እጃቸው ዝም ብሎ መቀመጥ እንቢ ሲላቸው፣ አሮጌ ጎማና የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ሰብስበው ከሕንፃው ጀርባ ጎመን፣ ሰላጣና ጤና አዳም ተከሉ። ከደረጃው በታች ላሉት ልጆች ዘር አከፋፈሉ። ለታመመ ጎረቤት ቅጠል ቆረጡ። ስምንት ወር እንዲህ ቆየ። ከዚያ የሕንፃው ኮሚቴ ስብሰባ ጠራና፣ "ገጽታ ያበላሻል፤ ቦታውም ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል" ብሎ ወሰነ። በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያነሡ ተነገራቸው። አነሡት። ከስብሰባው አዳራሽ በር ላይ፣ እህቴ እንደነገረችኝ፣ ጎመን የያዘች ሴት ሥዕል ያለበት የዘመቻው ፖስተር ተለጥፎ ነበር።

አንዱ እጅ "ትከሉ" ይላል፤ ሌላው እጅ ይነቅላል። ሁለቱም እጆች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚነግራቸው ማን ይሆን? የአንድ ሰፈር ሰው ከጓሮው ሲነሣ የሚቆጠርለት ቤቱ ነው፤ ስንት ክፍል፣ ስንት ካሬ። ጤና አዳሟን የሚቆጥር ቅጽ የለም። በሰባ ዓመት ሴት እጅ ውስጥ ያለውን ዕውቀት የሚመዘግብ ባለሙያም አልተቀጠረም። ከሕንፃ ጀርባ አራት ካሬ ሜትር መተው ግን በጀት አይጠይቅም፤ አለማፈርን ብቻ ይጠይቃል።

"ምን ዕውቀት? ዘይቱን መቀቀል ነው ዕውቀት?" የሚለኝ አይጠፋም። ለእሱ መልስ የሚሆነኝ የራሴ ውርደት ነው።

ኮሮና ቤት ባስቀመጠን ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ገበያ ከተገዛ ዘይቱን ጄሊ ልሠራ ተነሣሁ። እቴቴን ልጠይቅ አልሄድኩም፤ የተማርኩ ነኛ! የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ገለጥኩ። "105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አውርዱ" ይላል። ቴርሞሜትር ይዤ ቆምኩ። 97… 98… ዲግሪው አይነቃነቅም። እሳት ጨመርኩ። 105 ሲደርስ አወረድኩት። ሲበርድ ጄሊ አልነበረም፤ አስፋልት ነበር። ማንኪያው ውስጡ ቆሞ ቀረ። ድስቱንም ጣልነው።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። እዚያ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጄሊው ከዚያ አራት አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ይደርሳል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የእኛ ጄሊ 96 ወይም 97 ላይ ደርሷል፤ 105 እስኪደርስ መጠበቅ ማሳረር ነው። እቴቴ በሕይወቷ ቴርሞሜትር ይዛ አታውቅም። የምታደርገው ማንኪያውን ከፍ አድርጎ ማየት ነው። ጠብታው እንደ ውኃ ከሮጠ አልደረሰም። ሁለት ጠብታዎች ተጠጋግተው አንድ ሆነው፣ ከማንኪያው ጠርዝ ተንጠልጥለው "አንወርድም" ካሉ ደርሷል። ይህ መለኪያ በባሕር ጠረፍም፣ በአዲስ አበባም፣ በደብረ ብርሃንም አይሳሳትም። መጽሐፉ ስለ አንድ ቦታ ያውቃል፤ እሷ ስለ ነገሩ ታውቃለች።

ይቺን ካወቅሁ በኋላ ነው ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ተማሪ የሆንኩት። ባለፈው ቅዳሜ እቴቴን ከዚያ ከሚያብረቀርቀው ግቢ ወደ ቤቴ አመጣኋት። ዘይቱን ገዝቼ ነበር፤ በሙሉ የበሰለ፣ የሚያምር። በጣቷ ዳበሰችውና "ይኼ አይረጋም፤ ጥሬ ቀላቅልበት" አለች። ተመልሼ ሄጄ ያልበሰለ ፈልጌ አመጣሁ። ፍሬን የሚያረጋው ፔክቲን የተባለው ነገር ነው፤ ፍሬው በጣም ሲበስል ይዳከማል፤ ጠንከር ባለው ፍሬ ላይ ግን ብዙ ነው። ያለ ኮምጣጣና ያለ ስኳርም አይረጋም፤ ሎሚው ለዚያ ነው። ስኳሩ ደግሞ ውኃውን ይይዘዋል፤ ሻጋታ የሚጠጣው ያጣል። እኔ ይኼን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው። እሷ ያገኘችው ከእናቷ እጅ ነው፤ ፔክቲን የሚለውን ቃል ሰምታውም አታውቅ።

ሌሊቱን ጠብ… ጠብ… ሲል አደረ። ጠዋት ጣድነው። ማንኪያዬን ከፍ አድርጌ ልመለከት ስል፣ ዓይኗ የማያይላት እቴቴ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ "ገና ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው" አለች። ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ውኃ ሲፈላ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ መንተክተኩ ዘገየ፤ ወፈረ፤ ቧ… ቧ… ማለት ጀመረ። "አሁን አውርደው" አለችኝ። ማንኪያዬን አነሣሁ። ሁለት ጠብታዎች አንድ ሆነው ተንጠልጥለዋል።

በዚህች ከተማ ስንት ሰው ነው የጄሊን ድምፅ መስማት የሚችለው? እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ ሰማንያውን አልፏል። ይህ ዕውቀት ማስታወሻ ደብተር ላይ አይጻፍም። ዛፍ ይፈልጋል፣ ፍሬው የሚተርፍበት ቀን ይፈልጋል፣ አጠገብ ቆሞ አረፋ የሚጠብቅ ልጅ ይፈልጋል። ዛፉን ስንቆርጥ የቆረጥነው እንጨት ብቻ መስሎን ነበር። ትምህርት ቤት ነው የዘጋነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሴራሚኩን በሙሉ ንቀሉ አልልም። አንድ ካሬ ሜትር! ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ለመኪናችሁ ካሰባችሁት ላይ አንድ ካሬ ሜትር ለአፈር ተዉ። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ለእነዚያ እጆች መልሱ። ደንብ የምታወጡ ሰዎች፣ "ትከሉ" ያላችሁት እና "ንቀሉ" ያላችሁት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ። እኔ በበኩሌ በ1994 ዓ.ም. የለሰንኩትን ሲሚንቶ በመዶሻ ሰብሬ አንድ የዘይቱን ችግኝ ተክያለሁ። ያፈራል አያፈራ ገና ነው። ከሥሩ ጎመን አለ። በበሩ በኩል ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

አረፋውን ለእቴቴ ዳቦ ላይ አድርጌ ሰጠኋት። አላመጠች፤ ፈገግ አለች። "ይኼስ ይኼ ነው" አለች። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ፣ "ከዛፋችን ነው አይደል? ዘንድሮ በደንብ ያዘ ማለት ነው" አለችኝ።

እኔም፣ ሌላው ሰው ሁሉ እንዳደረገው፣ አልመለስኩላትም። አቀርቅሬ ጠርሙሶቹን መክደን ጀመርኩ። ይኼን ሁሉ ስነታረክባችሁ የዋልኩትም ለዚያች ዝምታዬ ነው። ሊያሳፍረን የሚገባው፣ ወገኖቼ፣ ጎመኑ አልነበረም።